መከላከያው፣ ደሙና ሶላቱ፦ ቤተሰብ ምጣኔ በየካ ቤቶች

«ክንዴ ላይ ያስቀመጥኩት መከላከያ ደሙን አዛባብኝ። አንዳንዴ አሥር ቀን፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ጠብ ጠብ ይላል። ልስገድ ወይስ ልተው?»

ይህን የመሰለ ጥያቄ ለእህቶች ደርስ ለሚያስተምር ዑስታዝ እንግዳ አይደለም። ጥያቄው አጭር ነው፤ ነገር ግን ሁለት በር ያስንኳኳል። አንዱ በር መከላከያውን የሰጠው ጤና ጣቢያ ነው። ሌላው የዒባዳውን ብያኔ የሚያስተምረው መስጂድ ነው። እህታችን በሁለቱ መካከል ትመላለሳለች። ሲስተሯ «ደሙ ችግር የለውም፣ ይለመዳል» ብላ ትሸኛታለች። ዑስታዙ ደግሞ «መጀመሪያውኑ ለምን አስቀመጥሽው?» ካላት፣ ጥያቄዋ ሳይመለስ ወደ ቤቷ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ ሶላቷን ያለ ብያኔ ለሳምንታት ትተዋለች፣ ወይ መከላከያውን አስወጥታ ሌላ ሳትጀምር ትቀመጣለች። ጡት ያልጣለ ሕፃን ታቅፋ ሌላ ታረግዛለች።

እዚህ ላይ መድኃኒቱ አልከሸፈም። ሸሪዓውም መልስ አላጣም። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ድልድይ ነው፤ በሌላ ቦታ ተፈትኖ ውጤት ያመጣ የቤተሰብ ምጣኔ አሠራር በየካ ክፍለ ከተማ ላሉ ልዩ ልዩ ቤቶች፣ በተለይም ለሙስሊሙ ቤት፣ እንዴት ሊገጥም እንደሚችል ለማስረዳት ይሞክራል።

አንድ ክፍለ ከተማ፣ ብዙ ዓይነት ቤት

የካ ከመገናኛና ከሾላ ገበያ አንስቶ በላምበረት በኩል ወደ ኮተቤ ይዘረጋል። በሰሜን በኩል ደግሞ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር በላይ የእንጦጦን ተዳፋት ይይዛል። የተራራው ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የከተማዋን የማገዶ እጥረት ለማቃለል የመጣ ነው፤ ዛሬም ቅጠሉንና ጭራሮውን ሰብስበው፣ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች ኑሯቸው ከእሱ ነው። ከእነዚህ እናቶች መካከል ነፍሰ ጡር ሆነው፣ ወይም ከወለዱ ብዙም ሳይቆዩ ሸክም የሚሸከሙ አሉ።

ከዚያው ተዳፋት ሥር ሌላ ቤት አለ፤ ባል በዓረብ አገር ሠርቶ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት የሚመጣበት። ኮተቤ አካባቢ ደግሞ ባልም ሚስትም ደመወዝተኛ ሆነው በኪራይ ቤት የሚኖሩ፣ ሁለተኛውን ልጅ መቼ እንውለድ እያሉ የሚመካከሩ ወጣቶች አሉ። ከወሎ፣ ከስልጤ፣ ከጉራጌ ወይም ከአርሲ በቅርቡ የመጣች ሙሽራ አለች፤ የሚነገራትን አማርኛ በደንብ የማትከተል። አግብታ ዓመታት ቆጥራ ልጅ ያላገኘችም አለች። ለእሷ «ቤተሰብ ምጣኔ» የሚለው ቃል ራሱ ቁስሏን የሚነካ ነው፤ ሆኖም ልጅ ለማግኘት የሚደረግ ምርመራና ምክርም ከቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት የሚቆጠር መሆኑን የነገራት ላይኖር ይችላል።

በ2007 (እ.ኤ.አ.) የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች 16 በመቶ ያህሉ ሙስሊሞች ናቸው፤ ማለትም ከስድስት ሰው አንድ ገደማ። ስለዚህ በከተማዋ በሚገኝ በማንኛውም ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል የምትሠራ ባለሙያ፣ ራሷ ሙስሊም ሆነችም አልሆነች፣ የሶላትና የፆም ጥያቄ ያላትን ሴት ማስተናገዷ አይቀርም።

አገራችን የሄደችበት መንገድ

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። መንግሥት የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ያወጣው በ1993 ነበር። ነገሩ በሰፊው ወደ ሕዝቡ የወረደው ግን በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ነው። በገጠር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ሠልጥነው ተመደቡ። ከዚያው ማኅበረሰብ የወጡ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ክንድ ላይ የሚቀመጠውን ኢምፕላኖን እንዲያስቀምጡ መሠልጠን ጀመሩ። በዚያው ዓመት ገደማ ለከተሞች የተለየ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ተጀመረ፤ በከተማ የተመደቡት ነርሶች ናቸው።

ውጤቱ በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች ላይ ይታያል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ካገቡ ሴቶች መካከል ማንኛውንም የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2005 ወደ 15፣ በ2011 ወደ 29፣ በ2016 ወደ 36፣ በ2019 ወደ 41 በመቶ ደረሱ። በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ቁጥር በ2000ው ዳሰሳ በ100,000 ሕያው ወሊድ 871 የነበረው፣ በ2016ቱ ዳሰሳ 412 ሆኗል። ለዚህ ቅነሳ የጤና ተቋማት መስፋፋትም ትልቅ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ያልታቀደና የተቀራረበ እርግዝና ሲቀንስ የእናት ሞትም አብሮ እንደሚቀንስ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2013 ዓለም አቀፉ የቤተሰብ ምጣኔ ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲካሄድ ከ3,000 በላይ ሰዎች ተገኝተዋል፤ የኢትዮጵያም ተሞክሮ በጉልህ ተነግሯል። የጉባኤው መሪ ቃል ሙሉ ተደራሽነትና ሙሉ ምርጫ የሚል ነበር። ተደራሽነቱ ላይ ብዙ ተሠርቷል። ምርጫው ላይ ግን ሥራ ይቀራል፤ በ2016ቱ ዳሰሳ መሠረት መከላከያ ከጀመሩት ውስጥ ከሦስት አንድ ያህሉ በ12 ወር ጊዜ ውስጥ አቋርጠዋል። መከላከያ መስጠትና ሴቲቱን በሚገባት መንገድ አማክሮ፣ ጥያቄዋን ሰምቶ፣ ተከታትሎ መደገፍ አንድ አይደሉም።

ከማትላብ የተገኘ ትምህርት

ይህን ልዩነት በደንብ ያሳየች አንዲት የሙስሊሞች አገር አለች፤ ባንግላዴሽ። በማትላብ በተባለው የገጠር ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ሙከራ ተጀመረ። በዕድሜ የገፉ፣ አብዛኞቹ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚዋጥ እንክብልና ኮንዶም በነፃ አደሉ። መጀመሪያ ተጠቃሚው ጨመረ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ተመልሶ ቀነሰ። ደም ሲዛባባት፣ ራሷን ሲያማት የምትጠይቀው ሰው ያጣች ሴት መድኃኒቱን ጣለችው።

በ1977 አካሄዱ ተቀየረ። አሁን የተላኩት ከዚያው መንደር የተገኙ፣ የተማሩ፣ ያገቡና ራሳቸውም መከላከያ የሚጠቀሙ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከአንድ ሁለት ዓይነት ይልቅ ብዙ ዓይነት ምርጫ ይዘው ሄዱ፤ በየጊዜው እየተመለሱ የተፈጠረውን ችግር ጠየቁ፤ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ወደ ሕክምና ላኩ። በዓመት ከግማሽ ጊዜ ውስጥ ከ10 በመቶ በታች የነበረው ተጠቃሚ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ፤ ከዚያም አልወረደም።

ሰፈሩ ያው ነው፣ ሃይማኖቱም ያው ነው። የተለወጠው የምታንኳኳው ሴት ማንነት፣ ይዛ የመጣችው ምርጫና ተመልሳ መምጣቷ ነው። ስለዚህ «ሙስሊሙ ማኅበረሰብ ቤተሰብ ምጣኔን አይቀበልም» የሚለው አባባል ሚዛን አይደፋም። በእኛም አገር በ2016ቱ ዳሰሳ በሶማሌ ክልል ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች ከ2 በመቶ አይበልጡም ነበር። ይህን አይቶ ወደ ሃይማኖት ብቻ መጠቆም ስህተት ነው፤ የአርብቶ አደሩ ኑሮ፣ የጤና ተቋሙ ርቀትና የሴቶች ትምህርት አብረው መታየት አለባቸው። ባንግላዴሽም ኢንዶኔዥያም ሕዝባቸው በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በሁለቱም ካገቡ ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መከላከያ ይጠቀማሉ።

መመጠንና መገደብ

ወደ ሸሪዓው ስንመጣ መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ዑለማዎች በዓረብኛ «ተንዚሙ ነስል» እና «ተሕዲዱ ነስል» ይሏቸዋል። የመጀመሪያው ወሊድን ማመጣጠን፣ ማራራቅ ነው። ሁለተኛው የልጅን ቁጥር መገደብ፣ በተለይም በሕግ ወይም በቋሚ ዘዴ መዝጋት ነው። አማርኛችንም ነገሩን «ምጣኔ» ማለቱ መልካም ነው፤ መመጠን ማለት ማቋረጥ አይደለምና።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሰሓቦች ዐዝል ያደርጉ እንደነበር ከጃቢር (ረ.ዐ.) የተላለፈውን ሐዲሥ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ከዚህ ተነስተው ብዙዎቹ የፊቅህ ዑለማዎች ዐዝልን ፈቅደዋል፤ ብዙዎቹም የሚስትን ፈቃድ መስፈርት አድርገዋል። ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ» በተሰኘው ኪታባቸው ስለ ዐዝል ምክንያቶች በዝርዝር ጽፈዋል። በሌላ በኩል ኢብን ሐዝም ከልክለዋል። ስለዚህ ጉዳዩ ዑለማዎች ከጥንት የተወያዩበት እንጂ ትናንት ከውጭ የመጣ አይደለም።

በዘመናችን ደግሞ በእስላማዊ ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ኩዌት ላይ ባደረገው አምስተኛ ጉባኤ ውሳኔ አስተላልፏል። የውሳኔው ፍሬ ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፣ ባልና ሚስት ልጅ የመውለድ ነፃነታቸውን የሚገድብ አጠቃላይ ሕግ ማውጣት አይፈቀድም። ሁለተኛ፣ የወንድን ወይም የሴትን የመውለድ ችሎታ ማጥፋት፣ ማለትም ማምከን፣ በሸሪዓ የታወቀ አስገዳጅ ምክንያት ካልመጣ በስተቀር ክልክል ነው። ሦስተኛ፣ እርግዝናን ለማራራቅ ወይም ለተወሰነ ጊዜ ለማቆየት በጊዜያዊ ዘዴ መጠቀም ይፈቀዳል፤ ይኸውም ሸሪዓዊ ምክንያት ሲኖር፣ በባልና ሚስት ምክክርና መስማማት፣ ጉዳት ሳያስከትል፣ በተፈቀደ ዘዴና በተፀነሰ እርግዝና ላይ ወሰን ሳይታለፍ ሲሆን ነው።

ድህነትን ፈርቶ ልጅን ማጥፋት በቁርኣን በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሪዝቅ ከአላህ ነው። የእናትን ጤና መጠበቅ፣ ለሚጠባው ልጅ ድርሻውን መስጠት ግን ከዚህ ጋር አይጋጭም። ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 ላይ አላህ (ሱ.ወ.) የጡት ማጥባትን ሙሉ ጊዜ ሁለት ዓመት አድርጎ አስቀምጧል። በዚያው አንቀጽ ከዚያ በፊት ጡት ለማስጣል እንኳ የሁለቱ ወላጆች መመካከርና መስማማት ተጠቅሷል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ሴት ከወለደች በኋላ ቀጣዩን ከማርገዟ በፊት ቢያንስ 24 ወር እንድትቆይ ይመክራል። ሁለት ዓመት ማለት ነው።

የደሙን ጥያቄ መመለስ

አሁን ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንመለስ። እያንዳንዱ መከላከያ በወር አበባ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የተለያየ ነው። ለሙስሊም ሴት ይህ ለውጥ የሶላት፣ የፆም፣ የጠዋፍና የትዳር ጉዳይ ስለሆነ፣ ከመጀመሯ በፊት ልታውቀው ይገባል።

ክንድ ላይ የሚቀመጠው፦ ኢምፕላኖን ለሦስት ዓመት፣ ጃዴል ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ደም ያዛባል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ ማለት፣ ቀኑ መርዘም፣ አንዳንዴም ጭራሽ መጥፋት ይታያል። ሴቲቱ በፈለገች ጊዜ ማስወጣት ትችላለች፤ ከወጣ በኋላ የማርገዝ ችሎታዋ ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል።

መርፌ፦ በየሦስት ወሩ ይሰጣል፤ በአገራችን ከሁሉም በላይ የተለመደው ይህ ነው። መጀመሪያ ደም ያዛባል፤ እየቆየ ሲሄድ በብዙዎች ላይ የወር አበባው ይቆማል። ካቆሙት በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በቅርቡ መውለድ ለምታስብ እህት ይህ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል።

ሉፕ፦ በማሕፀን የሚቀመጠው ባለ መዳብ ሉፕ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። ሆርሞን የለውም፤ የወር አበባው በራሱ ጊዜ ይመጣል። ነገር ግን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ደሙ ሊበዛና ቀኑ ሊረዝም ይችላል። የሚሠራው በዋናነት ፅንስ እንዳይፈጠር በማድረግ ነው።

እንክብል፦ ሁለት ሆርሞን ያለው እንክብል አብዛኛውን ጊዜ የወር አበባን የተስተካከለና ቀለል ያለ ያደርገዋል። ነገር ግን በየቀኑ መዋጥ አለበት። የምታጠባ እናት እስከ ስድስት ወር አትጀምረውም፤ የደም ግፊት ላለባትም አይሆንም። ለምታጠባ እናት የሚሆን ሌላ ዓይነት እንክብል አለ።

ጡት ማጥባት፦ ሦስት ነገሮች አብረው ከተሟሉ ራሱ መከላከያ ነው፤ ሕፃኑ ስድስት ወር ካልሞላው፣ ከጡት ሌላ ምንም ካልተሰጠው፣ የእናቲቱም የወር አበባ ካልተመለሰ። ሦስቱ ሲሟሉ ከ100 ሴቶች 98ቱን ይከላከላል። አንዱ ከጎደለ ግን በእሱ መተማመን ቀርቶ ሌላ መጀመር ነው።

ይህ የሕክምናው ወገን ነው። የፊቅሁ ወገን ደግሞ እንዲህ ነው። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) የማያቋርጥ ደም ሲፈሳት ሶላት ልተው ወይ ብላ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቃለች። እሳቸውም ያ ደም ከደም ሥር የሚመጣ እንጂ ሐይድ እንዳልሆነ አስረድተው፣ የሐይዷ ቀናት ሲመጡ ሶላት እንድትተው፣ ሲያልፉ ታጥባ እንድትሰግድ አዝዘዋታል። እንዲህ ያለው ደም ኢስቲሓዷ ይባላል፤ ሶላትንም ፆምንም አያስተውም።

ታዲያ በመከላከያ ምክንያት የመጣ ደም ሁሉ ኢስቲሓዷ ነው ማለት አይደለም። በሻፊዒይ መዝሀብ የሐይድ ረጅሙ ጊዜ 15 ቀን ሲሆን በሐነፊይ 10 ቀን ነው። የደሙ ቀለም፣ የቀኑ ብዛትና ሴቲቱ ከዚያ በፊት የነበራት ልማድ በብያኔው ውስጥ ይገባሉ። አንዷ እህት የተሰጣት ፈትዋ ለሌላዋ የማይሆነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ቀላል ሥራ አለ። መከላከያ ከመጀመርሽ በፊት የወር አበባሽ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣና ስንት ቀን እንደሚቆይ በወረቀት ወይም በስልክሽ ጻፊ። ሁለት ሦስት ወር ቢሆን ይመረጣል። ከጀመርሽ በኋላም ደም ያየሽበትን ቀንና መልኩን መዝግቢ። ያ ወረቀት ሁለት ቦታ ይሠራል። ለሲስተሯ መከላከያው እንዴት እንደያዘሽ ያሳያታል፤ ለዑስታዙ ወይም ለዑስታዛዋ ደግሞ ልማድሽን ያሳውቃል። «ይዛባብኛል» ብቻ ከማለት ይልቅ «ልማዴ ስድስት ቀን ነበር፣ አሁን በዚህ ቀን ጀምሮ እስከዚህ ቀን ቆየ» ስትዪ መልሱ ይቀላል።

ደሙ ከልማድሽ እጥፍ ከበዛ ወይም ከስምንት ቀን በላይ በብዛት ከፈሰሰ፣ ከባድ የሆድ ሕመም ካለ፣ ወይም እርግዝና ከተጠረጠረ ግን ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። የተዛባ ደምን የሚያስተካክል ሕክምናም አለ። ካልተስማማሽ በሌላ ዘዴ መቀየር መብትሽ ነው። መከላከያ ማስወጣት ከፈለግሽም ምክንያትሽን አስረድተሽ ልመና ውስጥ መግባት የለብሽም።

ባልየውስ የት አለ?

አንዲት ሴት በድብቅ ጀምራ ባሏ ያወቀ ዕለት ቤቱ ሲናወጥ ማየት አዲስ አይደለም። ድብቁ ብዙ ጊዜ ከፍርሃት ይመጣል። ባሎችም በበኩላቸው ነገሩ «የሴቶች ጉዳይ» ነው ተብለው ከበሩ ውጭ ስለሚቀሩ፣ የሚሰሙት የሻይ ቤት ወሬ ብቻ ነው፤ «ያመክናል»፣ «ካንሰር ያመጣል» የሚል።

ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ሙስሊም በሆነችው ኒጀር በዚንደር አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2007 «የባሎች ትምህርት ቤት» የሚባል አሠራር በተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ ድጋፍ ተጀምሯል። መምህር የለውም፣ ፈተናም የለውም። በሰፈሩ የታመኑ ያገቡ ወንዶች በየጊዜው ተሰብስበው ስለ ሚስቶቻቸው እርግዝና፣ ስለ ወሊድና ስለ ማራራቅ ይወያያሉ፤ የተረዱትንም ለሌሎች ወንዶች ያደርሳሉ። ለእኛ ይህ አዲስ ተቋም መገንባት አይጠይቅም። ከዒሻእ በኋላ የሚቀመጥ ጀመዓ አለን፣ እድር አለን፣ ዕቁብ አለን። በአንዱ ምሽት ከጤና ጣቢያ አንድ ወንድ ባለሙያ፣ ከመስጂዱ አንድ ዑስታዝ ጋብዞ ግማሽ ሰዓት መወያየት የሚቸግር አይደለም።

መመካከር ማለት ግን ባል ይወስናል ማለት አይደለም። የምታረግዘው፣ የምትወልደው፣ በእንጦጦ ዳገት ጭራሮ የምትሸከመው እሷ ናት። ቁርኣን በመመካከርና በመስማማት ሲል ሁለቱንም ወገን አንስቷል።

«ቁጥራችንን ለመቀነስ ነው» የሚለው ስጋት

ይህን ስጋት የሚያነሱ ወንድሞችንና እህቶችን «አላዋቂ» ብሎ ማለፍ ትክክል አይደለም። በዓለም ላይ በግድ የተሠራ በደል አለ። በህንድ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 በቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ ወንዶች የማምከን ቀዶ ሕክምና ተደርጎባቸዋል፤ ብዙዎቹም በጫና ነበር። የዚያ መዘዝ በህንድ ሕዝብ ዘንድ በቤተሰብ ምጣኔ ላይ ለረጅም ጊዜ ጥርጣሬ ጥሏል። ማስገደድ አገልግሎቱን ራሱን ያረክሳል።

ወደ ከተማችን ስንመለስ ግን ቁጥሮቹ ሌላ ነገር ይናገራሉ። በ2016ቱ ዳሰሳ በአገር አቀፍ ደረጃ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልደው 4.6 ልጅ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ 1.8 ነበር። የቤት ኪራዩ፣ የኑሮ ውድነቱ፣ የጋብቻ ዕድሜ መዘግየቱ የከተማውን ነዋሪ ሁሉ፣ የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን፣ የሚነካ ነው። ስለዚህ በየካ ያለው ዋና ጥያቄ «ስንት ልጅ?» የሚለው አይደለም። «መቼ? በምን ጤና? በማን ውሳኔ?» የሚለው ነው። አምስት ልጅ የምትፈልግ እናት አምስቱንም በሁለት በሦስት ዓመት አራርቃ በጤና ብትወልድ፣ ይህም ምጣኔ ነው።

ለዚህ ስጋት የሚሆነው መድኃኒት ምርጫ ነው። ቋሚ ዘዴ ሲቀርብላት «ይህ በሃይማኖቴ አይፈቀድልኝም» የምትል እህት መልሷ እንደ እልህ ሳይሆን እንደ ምርጫ መወሰድ አለበት። ወልዳ ገና አልጋ ላይ ሳለች መከላከያ ይቀመጥልሽ ተብላ በችኮላ ስትጠየቅም ትክክለኛ ምርጫ አይደለም። ከወሊድ በኋላ ወዲያው ማስቀመጥ በዓለም የተፈተነ ጥሩ አሠራር ነው፤ ነገር ግን ምክሩ በእርግዝና ክትትል ወቅት፣ ባሏንም ማማከር በምትችልበት ጊዜ ሲጀመር ነው ፍሬ የሚያፈራው።

ከሁለቱም ወገን ምን ይጠበቃል?

ጤና ጣቢያው ዘንድ፣ ባለሙያዋ ፈትዋ እንድትሰጥ ማንም አይጠብቅም። የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። ስለ ደም ለውጡ ከማስቀመጧ በፊት መናገር፤ «ሶላትሽን ወይም ፆምሽን የሚመለከት ጥያቄ አለሽ?» ብሎ መጠየቅ፤ እህቲቱ በሴት ባለሙያ መታየት ከፈለገች በተቻለ መጠን ማመቻቸት። ረመዳን ከመግባቱ በፊት ያሉት ሳምንታት ለዚህ ምክር የተመቹ ናቸው፤ ደም የሚያዛባ መከላከያ በረመዳን ዋዜማ የሚጀምሩ እህቶች አስቀድመው ሊያውቁት ይገባልና። ጎህ ሳይቀድ ጫካ ወጥተው ከሰዓት ለሚመለሱት የእንጦጦ እናቶች ደግሞ የአገልግሎቱ ሰዓት ራሱ መታሰብ አለበት። ለእነሱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወደሚወርዱበት መንገድ ወይም ወደ ቤታቸው መሄዷ ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል።

መስጂዱ ዘንድ፣ ዑስታዙ የመድኃኒት ዓይነት እንዲመርጥ አይጠበቅም። በኹጥባም በደርስም በመመጠንና በመገደብ መካከል ያለውን ልዩነት ማስተማር፣ የሐይድና የኢስቲሓዷን ብያኔ በመከላከያ ምክንያት ከሚመጣው ደም ጋር አያይዞ ማብራራት፣ ጥያቄ ይዛ የመጣችን እህት ሳያሳፍሩ ማስተናገድ ይበቃል። ሴት ዑስታዛዎች ባሉበት ጥያቄው በእነሱ በኩል ቢያልፍ እፍረቱ ይቀንሳል። ከጤና ጉዳዩ ላይ ሲደርስ ደግሞ «ይህን ባለሙያ ይመልሰው» ማለት ከዕውቀት የሚቆጠር ነው።

ከሁሉም በላይ ሁለቱ ይተዋወቁ። የሰፈሩ ኢማም የሰፈሩን ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስም ይወቅ፤ እሷም የሴቶችን ደርስ የምታስተምረዋን ዑስታዛ ስልክ ትያዝ። በማትላብ ውጤት ያመጣው ይህን የመሰለ ቅርበት ነው፤ ተመልሳ የምትመጣ፣ ጥያቄውን የምታውቅ፣ የሰፈሩ ሰው የሆነች ሴት።

ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ እህት አምስት ጥያቄዎች ይዛ ብትሄድ ይጠቅማታል፦ ይህ ዘዴ የወር አበባዬን እንዴት ይለውጠዋል? ለስንት ጊዜ? ለማጠባው ልጄ ጉዳት አለው? ማቆም ብፈልግ እንዴት ነው፣ ከዚያ በኋላ ለማርገዝ ስንት ጊዜ ይወስዳል? የማይስማማኝ ከሆነ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል፤ ጥያቄ መጠየቅም የአገልግሎቱ አካል ነው።

ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) ስለ ደሟ ለመጠየቅ አላፈረችም። የእሷ ጥያቄ ለዘመናት ላሉ ሴቶች ዕውቀት ሆኖ ቀርቷል። ዛሬም አንዲት እናት ከእንጦጦ ሸክሟን አውርዳ ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቅ፣ በጤና ጣቢያም በመስጂድም በር ላይ የሚመልስላት ልታጣ አይገባም። ወላሁ አዕለም።